ስሜ ከዝርዝሩ ወጥቷል፣ ለማን ልናገር?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ እርዳታ ናቸው። ማን ይሰጣል፣ ለማን ይደርሳል፣ ማን ይወስናል፣ ድርጅቶቹ ሲሄዱስ ምን ይተርፋል የሚሉ ናቸው። ከመንዝም ከምንጃርም ጽፋችሁልናል። የረዘሙትን አሳጥሬያለሁ። ስምና ቀበሌ ደግሞ ሆን ብዬ ትቻለሁ፣ አገሩ ትንሽ ስለሆነ ሰው ወዲያው ይታወቃል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ስለ እናቴ ነው። ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ገጠር ነው የምትኖረው። አባቴ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት። ለዓመታት ሴፍቲኔት ውስጥ ነበረች፣ ድንጋይ ተሸክማ እርከን ሠርታለች። አሁን ጉልበቷ አልቋል። ዘንድሮ ስትሄድ «አንቺ ተመርቀሻል» ብለው መለሷት። ያላት ጥቂት በግና ውርጭ የሚመታው ቁራጭ መሬት ነው። ለምን ብላ ስትጠይቅ «ኮታ ነው» አሏት። እኔ አዲስ አበባ ሰው ቤት ተቀጥሬ ነው የምሠራው፣ የምልክላት አይበቃትም። ለማን ነው የሚነገረው? (ከአዲስ አበባ፣ የመንዝ ልጅ)

መልስ፦ እህቴ፣ ብትናደጂ አይፈረድብሽም። ግን ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንለይ። እናትሽ አሁን መጠየቅ ያለባት ወደ ድሮው ሥራ መመለስን አይደለም።

ልማታዊ ሴፍቲኔት በ1997 ሲጀመር ተጠቃሚውን በሁለት ከፍሎ ነው የያዘው። ጉልበት ያለው የማኅበረሰብ ሥራ ይሠራል፣ እርከን፣ መንገድ፣ ችግኝ፣ ኩሬ። ለዚህም በዓመት 6 ወር በብር ወይም በእህል ይከፈለዋል። ጉልበት የሌለውና ጧሪ ያጣ ደግሞ ሳይሠራ ይረዳል። ይኼ ቀጥታ ድጋፍ ይባላል። አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች በዚህ ይያዛሉ፣ ነፍሰ ጡርና አራስ ለጊዜው ወደዚህ ይዛወራሉ። እናትሽ እንደነገርሽኝ ከሆነች ቦታዋ እዚህ ነው። ስለዚህ ማመልከቻዋ ላይ «ለምን ተመረቅሁ» ብቻ ብላ አታቁም። «ዕድሜዬ ይኼ ነው፣ ባለቤቴ ሞቷል፣ ቤት ውስጥ ሠርቶ የሚያበላኝ የለም፣ በቀጥታ ድጋፍ ልያዝ» ብላ ትጻፍ። አንቺ የምትልኪላትንም አትደብቅ። ኮሚቴው መንደርተኛ ነው፣ ያውቀዋል። ደብቃ ቢያገኙባት ሌላውንም ሐቋን አያምኗትም።

ምረቃውን በተመለከተ፣ ደንቡ ግልጽ ነው። አንድ ቤተሰብ ተመረቀ የሚባለው ያለ እርዳታ ዓመቱን ሙሉ ራሱን መመገብ ሲችልና መጠነኛ ችግር ቢመጣ ሳይወድቅ መቋቋም ሲችል ነው። ኮታ መኖሩ እውነት ነው። ፕሮግራሙ በመላው አገሪቱ ወደ 8 ሚሊዮን ሰው ይዞ ያውቃል፣ ያም ሆኖ ለሁሉም ችግረኛ በቅቶ አያውቅም፤ ወረዳውም ቀበሌውም የሚደርሰው ቁጥር የተወሰነ ነው። ግን ኮታ ሲያንስ የሚወጣው የተሻለ ያለው ነው። ጉልበቷ ያለቀ ባልቴት የምትወጣበት ምንም ምክንያት የለም።

አሁን መንገዱን ልንገርሽ። ተጠቃሚ የሚመረጠው ቀበሌ ላይ ባለ የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ነው። ዲኤው፣ ማለትም የቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ፣ አለበት፣ ጤና ኤክስቴንሽኗ አለችበት፣ ሽማግሌና የሴቶች ተወካይ አለበት። እነሱ ያወጡት ዝርዝር በሕዝብ ስብሰባ ላይ መነበብ አለበት። ቅር ያለው ሰው ደግሞ ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያመለክታል። ይኼ ኮሚቴ ከመራጮቹ የተለየ ነው፣ መለየትም አለበት፣ የከሰስሽው ሰው ዳኛ ሆኖ ከተቀመጠ ነገሩ አብቅቷል። እዚያ መልስ ካጣች የቀበሌው ምክር ቤት አለ፣ ቀጥሎ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት አለ። ሁሉም ጋ በጽሑፍ ታመልክት። ቀን ይኑረው፣ ቅጂው እናትሽ እጅ ይቅር። በቃል የተነገረ ቅሬታ ስብሰባው ሲበተን አብሮ ይበተናል።

የዝርዝር ንባብ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ መንዝ ውስጥ አይቻለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነበር፣ ሰዉ ሣሩ ላይ ተቀምጧል፣ ወንዱ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል። ጸሐፊው ስም እየጠራ ይሄዳል። ጥንድ በሬ ያለው ሰው ስም ሲጠራ ማንም አልተናገረም፣ ሳል ብቻ ተሰማ፣ ጸሐፊው ግን ሳሉ የምን እንደሆነ ገብቶታል፣ ቀና ብሎ አየና ቀጠለ። መጨረሻ ላይ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡና «የእገሌ ሚስት የት ሄደች? ሞተች እንዴ?» አሉ። ዝም ዝም ሆነ። ከዚያ ሴቶቹ ከኋላ ማጉረምረም ጀመሩ። በዚያው ስብሰባ የሴትዮዋ ስም ገባ፣ የባለ በሬው ወጣ። ቢሮ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ይኼ ለወራት የሚያመላልስ ጉዳይ ነበር። ስለዚህ እናትሽ ብቻዋን አትሂድ። ስብሰባው መቼ እንደሆነ ትጠይቅና ችግሯን የሚያውቅ፣ አፉ የሚፈታ ጎረቤት ይዛ ትሂድ።

ሌላም ነገር አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ መክፈል ለማይችሉ ሰዎች መንግሥት ይከፍላል፣ የሚመረጡትም እዚያው ቀበሌ ነው። ይኼን አብራ ትጠይቅ። አንድ ሕክምና ያሉትን በጎች ሁሉ ሊጨርስባት ይችላል።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን የምንማር ተማሪዎች ነን። በቻይና ካምፕና በባቄሎ ለተጠለሉ ተፈናቃይ ወገኖች ልብስና ብር ሰብስበናል። አንዳንዱ «በድርጅት በኩል ስጡ» ይለናል፣ አንዳንዱ «ድርጅት ይበላዋል፣ ራሳችሁ አድሉ» ይላል። ደግሞ ስንዴ ተሰጥቷቸው ይሸጡታል ሲባል ሰምተን ልባችን ቀዘቀዘ። የቱ ይሻላል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ልጆች፣ እናንተን የመሰለ ይብዛልን። ከስንዴው ልጀምር፣ ይኼ ወሬ ብዙ ሰው ልብ ያቀዘቅዛል፣ የሚያወራው ሰው ግን አንድ ቀን እንኳ እደላ ላይ የቆመ አይመስለኝም።

የተለመደው የአስቸኳይ ጊዜ ራሽን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ ዘይት ነው። አምስት ራስ ያለው ቤተሰብ 75 ኪሎ ስንዴ ይደርሰዋል ማለት ነው። ማዳበሪያው ግን 50 ኪሎ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ሁለት ቤተሰብ አንዱን ማዳበሪያ መሬት ላይ ዘርግቶ በጣሳ ይካፈላል፣ አንድ ለአንተ አንድ ለእኔ እየተባለ፣ የፈሰሰው ፍሬ ከአፈሩ እየተለቀመ። በዚያች ጣሳ ላይ የሚደረገውን ጥንቃቄ ያየ ሰው እነዚህ ሰዎች እህል ያባክናሉ አይልም። ከዚያ በኋላ ወፍጮ ቤት ገንዘብ ይጠይቃል። ማገዶ ይገዛል። ጨው፣ በርበሬ፣ ሳሙና ራሽኑ ውስጥ የለም። ልጅ ታሞ ከሆነ መድኃኒት አለ። እጁ ላይ ያለው ስንዴ ብቻ ከሆነ ስንዴውን ሸጦ ነው ስንዴውን የሚያስፈጨው። ደግሞ ራሽኑ በየወሩ ሳይቆራረጥ ሲመጣ ነው ይኼ ሁሉ። ሲዘገይ የሚኖሩት በብድር ነው፣ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወጣው ብድሩ ነው።

እንግዲህ ለእናንተ ሥራ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ትልልቆቹ ድርጅቶች እህሉን ያመጣሉ፣ እናንተ 15 ኪሎ ስንዴ ልታመጡ አትችሉም፣ አትሞክሩትም። የወፍጮ ዋጋ ግን ትችላላችሁ። ሳሙና ትችላላችሁ። ለሴቶች ሞዴስ ትችላላችሁ፣ ይኼን ደፍሮ የሚጠይቅ ስለሌለ ሁልጊዜ ይረሳል። ብርድ ልብስ ከሁሉም ይቅደም። የደብረ ብርሃን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም፣ ከወለጋ ተፈናቅሎ ለመጣ ሰው ደግሞ ያ ብርድ በሕይወቱ የማያውቀው ነው። የሰበሰባችሁት ልብስ ስስ ሸሚዝና ያለቀ ጂንስ ከሆነ እዚያ ወስዳችሁ አትከምሩት።

በድርጅት ወይስ በቀጥታ ለሚለው፣ ሁለቱም አይደለም የሚሻለው። መጀመሪያ ካምፑ ውስጥ ያለውን የተፈናቃዮቹን ኮሚቴ አግኙ። በቅርብ የመጣ ማን ነው፣ ራሽን ካርድ ያልደረሰው ማን ነው፣ አራስ ያለችው የት ነው፣ እነሱ ያውቃሉ። ቀጥሎ የከተማውን አደጋ መከላከል ክፍል ወይም የቀይ መስቀልን ቅርንጫፍ አነጋግሩ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ከ1927 ጀምሮ ያለ ማኅበር ነው፣ በጎ ፈቃደኛ ማሰማራት ያውቅበታል። ከዚያ ራሳችሁ ሂዱና ራሳችሁ አድርሱ። ይኼን ሳታደርጉ መኪና አቁማችሁ በር ከፍታችሁ ብታድሉ ጉልበተኛው ይወስዳል፣ ልጅ ያዘለችው ባዶ እጇን ትመለሳለች። ግርግሩ ውስጥ ሰው ሊጎዳም ይችላል።

እባካችሁ ደግሞ ፎቶ አታንሡ። የሰጣችሁን ሰው ማስረጃ ከፈለገ የገዛችሁበትን ደረሰኝ አሳዩት። ትናንት የራሱ ቤትና ከብት የነበረው ሰው ዛሬ ብርድ ልብስ ሲቀበል ፊቱ ቴሌግራም ላይ እንዲወጣ አልፈረመም።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ገበያ ላይ ባጅ አንጠልጥለው፣ የታመመ ሕፃን ፎቶ ይዘው ብር የሚሰበስቡ ወጣቶች በዝተዋል። እውነተኛውን ከሌባው በምን እንለያለን? (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ ባጅ ማንም ያትማል። ሕጋዊ ድርጅት የምዝገባ የምስክር ወረቀት አለው። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የውጭ ድርጅት ከሆነ ወይም ከአንድ በላይ ክልል የሚሠራ ከሆነ በፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው የሚመዘገበው። እዚሁ ክልል ውስጥ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ክልሉ ጋ። «የት ነው የተመዘገባችሁት? ምዝገባችሁን አሳዩኝ» በል። እውነተኛው አይቆጣም፣ አውጥቶ ያሳይሃል። በድርጅቱ ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብ ጠይቅ። የግለሰብ ቁጥር ከሰጠህ ተወው። ደረሰኝም ጠይቅ።

አዋጁ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ድርጅቶች ለአስተዳደር ወጪ ማዋል የሚችሉት ከጠቅላላ ገቢያቸው ከ20 በመቶ አይበልጥም። ቢሮ ኪራይ፣ አንዳንድ ደመወዝ፣ ጽሕፈት መሣሪያ፣ ይኼ ሁሉ በዚያ ውስጥ ነው። ስለዚህ በዓመት ስንት ገባ፣ ስንት ለአስተዳደር ወጣ ብለህ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ሪፖርቱንም በየዓመቱ ለመንግሥት ያቀርባሉ።

የታመመ ልጅ ጉዳይ ከሆነ ደግሞ ሆስፒታሉን ጠይቅና ወደዚያው ደውል። ልጁ እውነት ካለ ወላጆቹን በቀጥታ አግዝ።

ጥያቄ፦ እኔ የአንጾኪያ ሰው ነኝ። በ77 ልጅ ነበርሁ፣ ብዙ ወገን ቀብረናል። ያን ጊዜ ወርልድ ቪዥን መጥቶ ምግብ ማደያ ጣቢያ ከፈተ፣ እኛም በዚያ ተረፍን። አሁን ደግሞ አሜሪካኖቹ እርዳታቸውን ዘግተዋል ይባላል። በዚያ ላይ ጸጥታው አልተረጋጋ። ያ ዘመን ይመለሳል ወይ? ልጆቼ ሲጠይቁኝ የምመልሰው አጣሁ። (ከአንጾኪያ ገምዛ)

መልስ፦ አባቴ፣ ያዩትን ያየ ሰው እንዲህ ብሎ ቢጠይቅ ከስጋት ነው፣ ስጋትዎም ከባዶ ሜዳ አልመጣም። እኔም የማላውቀውን «አይመለስም» ብዬ አልሸነግልዎትም። ግን በ77 ምን እንደሆነና ዛሬ ምን የተለየ ነገር እንዳለ ልንገርዎት።

በ77 ሰው ያለቀው ዝናብ ስለጠፋ ብቻ አልነበረም። ጦርነት ነበር፣ መንገድ አልነበረም፣ የዕርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ቀድሞ አስጠንቅቆ ሰሚ አላገኘም፣ መንግሥት 10ኛውን የአብዮት በዓል ሊያከብር ሽር ጉድ ይል ነበር፣ የውጭው ዓለምም የተንቀሳቀሰው በቴሌቪዥን ካየ በኋላ ነው። እህሉ ሲደርስ ሰዉ ከቤቱ ተነሥቶ ጣቢያ ላይ ተከማችቶ ነበር፣ ከረሃቡ በላይ በሽታው ጨረሰው። እርስዎ ይኼን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ዛሬ ሰው ቀዬውን ሳይለቅ የሚረዳበት መንገድ አለ። ሴፍቲኔቱ የተፈጠረው በየዓመቱ ከመለመን ብሎ ነው። ገጠር ድረስ መንገድ ገብቷል፣ ጤና ኬላ አለ፣ ስልክ አለ። የእርስዎ አገርም የዚያን ጊዜው አይደለም። ወርልድ ቪዥን አንጾኪያ ላይ እህል አድሎ በመሄድ አላበቃም፣ ችግኝ ተክሎ፣ ምንጭ አጎልብቶ፣ ጤናና ትምህርት ላይ ለዓመታት ቆይቷል። ያ ሸለቆ ዛሬ ለምልሞ የሚታየው እናንተም ስለሠራችሁበት ነው።

ስጋቱ ግን አለ። የአሜሪካ የልማት ድርጅት ዩኤስኤይድ ለኢትዮጵያ እህል ከሚሰጡት ሁሉ ትልቁ ነበር። በሰኔ 2015 እርዳታ ለማይገባው እየዋለ ነው ብሎ በመላ አገሪቱ እህሉን አቆመ፣ የዓለም ምግብ ፕሮግራምም እንደዚያው አደረገ፣ ለወራትም ቆሞ ነበር የተመለሰው። የሰረቀው ሌላ፣ ጦሙን ያደረው ሌላ። ይኼ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከዚያ በጥር 2017 አዲሱ የአሜሪካ መንግሥት እርዳታውን አገደ፣ በሰኔ መጨረሻ ድርጅቱ ራሱ ተዘጋ። ሌሎች ለጋሾችም እጃቸውን እየሰበሰቡ ነው። እንደ ተባበሩት መንግሥታት ግምት በፈረንጆቹ 2024 በዓለም ላይ 673 ሚሊዮን ሰው ይራብ ነበር፣ ሠልፉ ረጅም ነው፣ ለእኛ ብቻ የሚራራ የለም።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝን ልንገርዎት። ሰሜን ሸዋ ሁሉም በአንድ ጊዜ እህል የሚያጣ አገር አይደለም። መንዝ ላይ በልግ ሲጠፋ፣ ገብሱን ውርጭ ሲመታው፣ የምንጃር ጤፍና የጅሩ ስንዴ በከባድ መኪና ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ሰው የሚራበው መግዣ ሲያጣ ነው። የመንዝ ሰው ባንኩ በጉ ነው። ክፉ ዓመት ሲመጣ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ በጉን ገበያ ያወጣል። በግ ይረክሳል፣ ገብስ ይወደዳል። አምና በአንድ በግ ይገዛ የነበረው እህል ዘንድሮ ሁለት በግ ይፈልጋል፣ ትንሽ ቆይቶ ሦስት። መንጋው አልቆ ከዚያ ነው ረሃቡ የሚታየው። ፎቶ አንሺው የሚመጣው በዚያን ጊዜ ነው፣ ነገሩ ግን የተበላሸው ከወራት በፊት ገበያው ላይ ነው።

ስለዚህ ለልጆችዎ ምን ልበል ካሉኝ፣ ከባዱ ጊዜ ሳይመጣ ገበያውን ይከታተሉ በሏቸው። የበግና የገብስ ዋጋ ሲራራቅ ቶሎ ይናገሩ፣ ለዲኤው፣ ለወረዳው፣ ለሚሰማ ሁሉ። በጉ ሳይከሳና ገበያው ሳይጥለቀለቅ ጥቂቱን መሸጥ በኋላ ሁሉንም ከማጣት ያድናል። ከድርጅቶችም እንዲህ ዓይነት ሥራ የሚሠራውን ጠጋ ይበሉ። ለምሳሌ መሐል ሜዳና ሞላሌ ላይ ተመራማሪዎች ከ2001 ገደማ ጀምረው ከገበሬው ጋር የመንዝን በግ በማኅበረሰብ ደረጃ ያሻሽላሉ። የተሻለው አውራ በግ ተመርጦ ለመንደሩ በጋራ ይቀራል፣ ደካማው ይሸጣል። መራጩ ገበሬው ራሱ ነው። ያን ሥራ የወደድሁት ድርጅቱ ቢሄድም በጉ እዚያው ስለሚቀር ነው።

ጸጥታውን በተመለከተ እኔም እንደ እርስዎ እጨነቃለሁ። መንገድ ሲዘጋ እህልም አይገባም፣ በግም አይወጣም፣ ማዳበሪያም ይዘገያል። ሽማግሌዎች ቢያንስ የእርዳታና የአምቡላንስ መኪና እንዳይነካ ከሁሉም ወገን ጋር ተነጋግራችሁ ማስማማት የምትችሉበት ቦታ ካለ፣ እባክዎ አይተዉት።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አካባቢ ሌሊት ማዳበሪያ ለብሰው የሚተኙ ልጆች አሉ። ብር ብሰጣቸው ማስቲሽ ይገዙበታል ይሉኛል፣ ባልሰጣቸው ህሊናዬ ይወቅሰኛል። ምን ላድርግ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እህቴ፣ ምግብ ስጪ። ትኩስ ምግብ። ደግሞ ስማቸውን ጠይቂ፣ ከየት እንደመጡ ጠይቂ። አብዛኞቹ እናትና አባት የሌላቸው እንዳይመስልሽ። ከገጠር ሥራ ፍለጋ ወጥተው፣ ከተማው በፋብሪካ አድጓል ሲባል ሰምተው የመጡ፣ ወይ ከእንጀራ አባት ሸሽተው የወጡ ብዙ ናቸው። ከእነዚህ ጋር የሚሠሩ ድርጅቶች ደጋግመው የሚሉት ለልጅ ከሁሉ የሚሻለው፣ ሰላም ያለበት ከሆነ፣ የራሱ ቤተሰብ ወይም ዘመድ ነው። ግን ልጁን አውቶቡስ ላይ አሳፍሮ መላክ አይበቃም፣ ያባረረው ነገር እዚያው እየጠበቀው ከሆነ በሳምንቱ ይመለሳል። ስለዚህ የከተማውን የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አሳውቂ። ቤተሰብ የመፈለግና የማስታረቅ ሥራ የባለሙያ ነው። የከተማ ሴፍቲኔት ባለበት ከተማ ደግሞ ጎዳና ላይ ለሚኖሩ ሰዎች የተለየ ድጋፍ አለው፣ በጉልበት ሥራ ከሚሠራው የተለየ፣ እሱን ጠይቂ።

«ብቻዬን ምን እለውጣለሁ» ብለሻል በደብዳቤሽ መጨረሻ። እማማ አበበች ጎበና ትውልዳቸው ፍቼ አካባቢ ነው፣ ከአንቺ የራቁ አይደሉም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያም ሊሳለሙ ሄደው በረሃብ የሞቱ ሰዎች መካከል ያገኟቸውን ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። ድርጅት አልነበራቸውም፣ ፈቃድ አልነበራቸውም፣ ቤተሰብ «አብደሻል» ብሏቸው ነበር። በ2013 በኮቪድ ሲያርፉ ያሳደጓቸውና የረዷቸው ልጆች ቁጥር ስፍር አልነበራቸውም። ሁላችንም እሳቸውን እንሁን አልልሽም። አንድ ልጅን ስሙን ጠርተሽ እስከ ቤቱ ብታደርሺው ግን ለዚያ ልጅ ሁሉም ነገር ነው።

የአእምሮ ሕመም ያለበትና አረጋዊ ጎዳና ላይ ካየሽ ነገሩ ሌላ ነው። እነሱ መጠለያ ያስፈልጋቸዋል። አዲስ አበባ ላይ አቶ ቢኒያም በለጠ የመሠረተው መቄዶንያ የሚያነሣው እንዲህ ያሉትን ነው። ለክረምት ግን ሩቅ አትሂጂ። ቤቷ የሚያፈስባት አሮጊት በየሰፈሩ አለች፣ ወጣቶች በክረምት በጎ ፈቃድ ቤት ሲያድሱ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሰጥ ይፈልጋሉ። ሰው ጎዳና ከመውጣቱ በፊት የሚደረግ እርዳታ ይኼ ነው።

ጥያቄ፦ የአረርቲ እድር ነን። አባሎቻችን «ቀባሪ ብቻ ሆነን እስከ መቼ?» ብለው፣ ሰው በሕይወት እያለ መርዳት እንጀምር ተባባልን። ድርጅት ሆነን እንመዝገብ ወይስ እንደ እድር እንቀጥል? (ከምንጃር ሸንኮራ)

መልስ፦ ይኼ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ደስ ያለኝን አልነግራችሁም።

አዋጅ 1113/2011 እድርንና ዕቁብን አይመለከትም። ስለዚህ በመካከላችሁ ያለ ችግረኛን በእድራችሁ ገንዘብ መርዳት ከፈለጋችሁ የሚከለክላችሁ የለም፣ መተዳደሪያ ደንባችሁን በጠቅላላ ጉባኤ አሻሽሉና ጀምሩ። ከውጭ ለጋሽ ገንዘብ መቀበል ወይም ከእድሩ ውጭ ያለውን ሕዝብ በስፋት ማገልገል ከፈለጋችሁ ያን ጊዜ ለብቻው ማኅበር አቋቁማችሁ ታስመዘግባላችሁ። የፌዴራሉ አዋጅ ለማኅበር የሚጠይቀው ቢያንስ 5 መሥራች ነው። እናንተ ግን አንድ ወረዳ ውስጥ ስለሆናችሁ የክልሉን መሥፈርት ዞን ፍትሕ መምሪያ ሄዳችሁ ጠይቁ።

የእኔን ምክር ከፈለጋችሁ መጀመሪያ አትመዝገቡ። አንድ ሁለት ዓመት በእድራችሁ ሞክሩት። የቀብሩ ገንዘብና የእርዳታው ገንዘብ ግን በፍጹም አይቀላቀል። ሞት ቀጠሮ ስለሌለው ሣጥኑ ባዶ ሆኖ አንድ ቀን ቢገኝ አባሉ ሁሉ ይነሣባችኋል። ለእርዳታው ለብቻው ደብተር ይኑር፣ የባንክ ሒሳቡም በሦስት ሰው ፊርማ ይንቀሳቀስ፣ አንዷ ሴት ትሁን።

ምንጃር ጤፍ አምራች ነው። ስለዚህ መዋጮው በብር ብቻ ባይሆን ጥሩ ነው። አጨዳ አልቆ ውቂያው ሲያበቃ፣ ጥር ላይ፣ ሰው እጁ ሞልቶ ሳለ በቁና ሰብስቡ። እህሉን የምታስቀምጡት ደረቅ ቦታ አዘጋጁ፣ ነቀዝ እንዳይገባው። ከዚያ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ጎተራው ሁሉ ባዶ በሚሆንበትና አራጣ አበዳሪው በር በር በሚያንኳኳበት ጊዜ ለተቸገረው አውጡ። መመለስ ለሚችል በብድር ይሁን፣ አዲሱ እህል ሲገባ ያለ ወለድ ይመልስ። መመለስ ለማይችል በስጦታ። ማን በየትኛው እንደሚያዝ ጉባኤው በግልጽ ይወስን፣ እህል ከወጣ በኋላ መከራከር ሰው ያጣላል።

ሌላ ወረዳ ላይ ችግር ሲገጥም ደግሞ ከእናንተው ጎተራ ለመንዝ መጫን የምትችሉበት ቀን ቢመጣ፣ ቀይ መስቀልን ወይም ሀገረ ስብከቱን አስቀድማችሁ አነጋግሩ፣ የትራንስፖርቱ ነገር ብቻችሁን የምትወጡት አይደለም። ደንባችሁን ስታረቁ ግልባጩን ብትልኩልኝ አንብቤ የመሰለኝን እጽፍላችኋለሁ።